ለመስክ አውቶሞቢልና ለትራክተር የሚስማማ ጎማ ስለ መምረጥ

የእርሻ ሥራ በጊዜው ካልተሠራ እንዳልተሠራ የሚቈጠር መሆኑን በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው በግብርና ሥራ ላይ የተሾማችሁ ሁሉ ጠንቅቃችሁ የምታውቁት ነገር ነው። ዘሩ የመዝሪያው ወራት ሳያልፍ ከገበሬው እጅ ካልደረሰ፣ ማዳበሪያው በጊዜው ካልቀረበ፣ አንበጣ ወይም ተምች በታየ ጊዜ ባለሙያው ፈጥኖ ከስፍራው ካልተገኘ፣ በኋላ የሚደረገው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከከተማ ወደ ገጠር የሚያደርሰው አውቶሞቢል ነው። አውቶሞቢሉም ምንም ሞተሩ ብርቱ፣ ሹፌሩም ብልህ ቢሆን፣ መሬትን የሚነካው በአራቱ ጎማዎቹ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ጎማ መሬቱን የሚጨብጠው ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ ነው። የሰዎቹ ሕይወትና የመንግሥት ዕቃ በዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ የተደገፈ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ጎማ መግዛት እንደ ወረቀትና እንደ ቀለም ግዥ ያለ ትንሽ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በማዘዣው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ጎማ፣ 4» የሚል ቃል ነው፤ ቢበዛም የልኩ ቍጥር ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይወዳደራል፣ ዝቅተኛውም ይገዛል። ጎማው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ስንት ኩንታል እንደሚሸከም፣ መቼ እንደ ተሠራ የሚጠይቅ አይገኝም። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ መለወጥ አለበት። ጎማ የሚመረጠው በመንገዱና በጭነቱ መጠን፣ ዋጋውም የሚመዘነው በሚያስኬደው ኪሎ ሜትር ልክ መሆን አለበት። ደኅናው ጎማ የሚገባውም እሩቅና ክፉ መንገድ ለሚሄደው አውቶሞቢል ነው። የዚህንም ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቍጥርና ፊደል የጎማው የምስክር ወረቀት ስለ ሆነ፣ ማዘዣ የሚፈርም ሹም ሁሉ ማንበብ ይገባዋል። ለምሳሌ 265/65 አር 17 112 ኤስ የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የሚለው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። አር የሚለው ፊደል የውስጥ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጉ፣ ማለት ራዲያል የሚባለው ዐይነት መሆኑን ይነግራል፤ ይህም ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሥራ ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 112 አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት፣ ኤስ ደግሞ የሚፈቀድለትን የፍጥነት ወሰን፣ ማለት በሰዓት 180 ኪሎ ሜትርን ያሳያል። በቆዩት የመስክ አውቶሞቢሎች ላይ እንደሚታየው 7.50 አር 16 የሚል ጽሑፍ ሲሆን፣ ስፋቱም ቸርኬውም የተለኩት በኢንች ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጭነቱ ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር ራሱ ክብደት አይደለም፤ በዓለም የታወቀ ሰንጠረዥ አለው። 100 ማለት 800 ኪሎ ግራም፣ 102 ማለት 850፣ 108 ማለት 1,000፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ግራም ነው። አሁን አንድ የወረዳ ፒክ አፕ አውቶሞቢል እያንዳንዱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ 20 ከረጢት ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ገጠር ቀበሌ ይወጣል እንበል። ይህ 10 ኩንታል ነው፤ አብዛኛው ሸክምም የሚያርፈው በኋላ እግሮች ላይ ነው። አውቶሞቢሉ ሲሠራ 112 ምልክት ያለው ጎማ ተሰጥቶት ሳለ፣ በርካሽ ተገኘ ተብሎ 102 ምልክት ያለው ቢገጠምለት፣ ከኋላ ሁለት እግሮች ብቻ 540 ኪሎ ግራም የመሸከም ኃይል ይቀነሳል። ከ5 ኩንታል በላይ የሆነው ይህ ጉድለት በከተማ አስፋልት ላይ አይታወቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ሲወረድ፣ ጎማውም በሸክም በፍሬንና በቆላው ሙቀት ሲግል፣ ያን ጊዜ ጉድለቱ ይገለጣል። ስለዚህ የሚተካው ጎማ የጭነት ቍጥር በአውቶሞቢሉ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ከተመለከተው ማነስ የለበትም።

ልኩን መለወጥም ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ከፍ ያለ ጎማ ለገጠር ይሻላል» በማለት በ265/65 አር 17 ፈንታ 265/70 አር 17 የሚያስገጥሙ አሉ። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሁለተኛው ግን 803 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ፣ የኪሎ ሜትር ቈጣሪው በእውነት 1,000 ኪሎ ሜትር ተሂዶ ሳለ 967 ያህል ብቻ ይመዘግባል። የነዳጅ ሒሳብ በኪሎ ሜትር በሚተሳሰብበት መሥሪያ ቤት ይህ ልዩነት በየወሩ እየተጠራቀመ ሲሄድ፣ ነዳጁ የጐደለ ይመስላል፤ ሹፌሩም ያላጠፋው ጥፋት ይቈጠርበታል። አንድ ቅን ሠራተኛ በጎማ ልክ ምክንያት በሌብነት ሲጠረጠር ከማየት፣ ልኩን አስቀድሞ መጠበቅ ይሻላል። ፍጥነት መለኪያውም እንደዚሁ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ከልኩ ቀጥሎ የሚመጣው የጥርሱ ዐይነት ነው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነው፣ ኤች ቲ የሚባለው፣ ለአስፋልት የተሠራ ስለ ሆነ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ነዳጅም ይቈጥባል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይም በደኅና ይቆማል። ኤ ቲ የሚባለው መካከለኛ ነው፤ አስፋልቱንም ጠጠሩንም ይችላል። ኤም ቲ የሚባለው ጥርሱ ትልልቅ፣ በጥርሶቹም መካከል ያለው ክፍት ስፍራ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ጭቃውን እየወረወረ ይወጣል። በሸዋ፣ በጎጃም፣ በአርሲና በባሌ ደጋማ ሜዳዎች የሚገኘው፣ በአንዳንድ ስፍራ ዋልካ በሌላውም ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ በክረምት ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ደቃቁን ጥርስ ባንድ ዙር ሞልቶ ጎማውን እንደ ልሙጥ ያደርገዋል። በዚያ ስፍራ ለአስፋልት የተሠራ ጎማ መላክ ሰውን በበጋ ጫማ ወደ ረግረግ እንደ መስደድ ነው።

ይሁን እንጂ «እንግዲያውስ ለሁሉ ኤም ቲ ይገዛ» ማለትም ስሕተት ነው። ይህ ጎማ በአስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ነዳጅ ያበዛል፤ በእርጥብ አስፋልትም ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚንሸራተትበት ርቀት ይረዝማል። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «አውቶሞቢላችን ከሚሄድበት መንገድ ምን ያህሉ አስፋልት፣ ምን ያህሉ ጠጠር፣ ምን ያህሉስ ጭቃ ነው?» ብሎ ነው። በእኛ አስተያየት ለአብዛኞቹ ወረዳዎች ኤ ቲ ይበቃል፤ ኤም ቲ ክረምቱን ሙሉ በጥቁር አፈር ውስጥ ለሚመላለሱት ብቻ ይገዛ፤ ከዞን ከተማ እስከ ክልል ከተማ በአስፋልት ለሚሄደው ኤች ቲ ይሰጠው። ሁሉንም ወረዳ በአንድ ዐይነት ጎማ ማስተካከል ለግዥ ክፍል ቀላል ቢሆንም፣ ደጋና ቆላ፣ አስፋልትና ጭቃ አንድ አይደሉም። ስለታም ድንጋይ በሚበዛበት አገር ደግሞ የጎኑ ክር የጠነከረ፣ ለቀላል ጭነት መኪና ተብሎ የተሠራ ጎማ መምረጥ ይገባል፤ በእንዲህ ያለ መንገድ ጎማን አብዝቶ የሚገድለው የጎኑ መቀደድ ነውና፤ ጎኑ የተቀደደውን ጎማም ጎሚስታ ቢለጥፈው አይታመንም።

አሁን ወደ ሰኔ ግዥ እንመለስ። የመንግሥት የበጀት ዓመት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የተረፈ ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ብለው በሰኔ ወር ጎማ በብዛት ገዝተው በዕቃ ግምጃ ቤት የሚከምሩ መሥሪያ ቤቶች መኖራቸው የተሰወረ አይደለም። ጎማ ግን እንደ ብረት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። ሳይሄድበትም ያረጃል። ጎማው ከአየርና ከፀሐይ የተነሣ ውስጡ እየደረቀ፣ ኋላም እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ብዙዎች የጎማ ሠሪዎች ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላውም ጥርሱ ምንም ደኅና ቢመስል እንዲለወጥ ይመክራሉ።

የተሠራበት ቀን በጎኑ ላይ ታትሟል። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ ባለው ረድፍ መጨረሻ አራት ቍጥሮች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያመለክታሉ። 2421 የሚል ቢሆን በአውሮፓ አቈጣጠር የ2021 ዓ.ም. 24ኛ ሳምንት፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ጎማ ሲረከቡ ይህን ቍጥር በመረካከቢያው ወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል፤ ምክንያቱም ነጋዴው «አዲስ ነው» ሲል ያልተሄደበት ማለቱ እንጂ በቅርብ የተሠራ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ዕቃ ግምጃ ቤቱም ቢሆን የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የነዳጅ በርሜልና የሞተር ዘይት ከጎማ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩበት እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ ዘይትና ነዳጅ ጎማን ይበሉታልና። ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ይሰጠው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለሚፈለግበት ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መግዛት ነው።

የሚቃወሙን ሰዎች «ገንዘባችን ጥቂት ነው፤ የግዥ ደንብም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ግዙ ይላል» እንደሚሉ እናውቃለን። ይህ ቃል ክብደት ያለው ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ዝቅተኛ ዋጋ የሚፈለገው መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያወጣውን መግለጫ ካሟሉት መካከል ነው፤ መግለጫውን የሚያወጣው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። «ጎማ፣ 4» ብሎ የጻፈ መሥሪያ ቤት ደካማ ጎማ ቢመጣለት ነጋዴውን ሊወቅስ አይችልም፤ የጠየቀውን አግኝቷልና። የልኩን፣ የጭነቱን ቍጥር፣ የጥርሱን ዐይነት፣ ከተሠራ የሚፈቀድለትን ዕድሜ አስፍሮ የጻፈ ግን በደንቡ ውስጥ ሆኖ ደኅናውን ያገኛል።

ስለ ዋጋውም ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዲህ እናስላ። አንዱ ጎማ በ10,000 ብር ተገዝቶ 25,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ያስወጣል። ሌላው በ14,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 28 ሳንቲም ብቻ ያስወጣል። እንግዲህ ርካሽ የተባለው የትኛው ነው? በዚህ ላይ የጎሚስታው ዋጋ፣ በመንገድ ላይ የባከነው ቀን፣ ባለሙያው ሳይደርስ የጠፋው ሰብል ሲጨመር፣ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። በአዲስ አበባ የጎማ ፋብሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአገር ውስጥ የተሠራ ጎማ ያየን ብንሆንም፣ በመስክ አውቶሞቢሎቻችን ላይ የምናየው ብዙው ጎማ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ሁለት ጊዜ መግዛት አገርን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አራቱ ጎማዎች በአንድነት ካልተገዙ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ የሚውሉት ጎማዎች በልክ፣ በዐይነትና በማለቅ መጠን አንድ መሆን አለባቸው። ከሹፌሮቻችን ብዙዎቹ ሁለት አዲስ ጎማ ሲገኝ ከፊት ይገጥማሉ፤ የጎማ ሠሪዎች ምክር ግን ደኅናዎቹ ከኋላ እንዲሆኑ ነው። የፊት እግር በእርጥብ መንገድ ቢንሸራተት ሹፌሩ በመሪው ይሰማዋል፤ ፍጥነቱን ቀንሶም ሊያስተካክለው ይችላል። የኋላው ቢንሸራተት ግን አውቶሞቢሉ በድንገት ይዞራል፤ ከገደል አጠገብም ለማረም ጊዜ አይገኝም። በአራቱም እግር በሚነዳ አውቶሞቢል ደግሞ አራቱም ጎማዎች እኩል ከፍታ ያላቸው መሆን ይገባቸዋል፤ የፊቱና የኋላው ቢለያዩ በደረቅ መንገድ ላይ አራቱ በተያያዙ ጊዜ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ እርስ በርሳቸው እየተጓተቱ ይበላሻሉ። ስኮርታውም የተራረፈ ጎማ መጣያ አይሁን፤ በጭንቅ ቀን የሚፈለገው እርሱ ነውና ልኩና የጭነት ቍጥሩ ከአራቱ ጋር ይስማማ።

እዚህ ላይ በግልጽ ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት አዲሱ ጎማ በመጀመሪያ ለኃላፊው አውቶሞቢል ይገጠማል፤ ከዚያ የወረደው ግማሽ ያለቀ ጎማ ለመስክ አውቶሞቢል ይሰጣል። የኃላፊው አውቶሞቢል በከተማ አስፋልት ላይ ሲመላለስ ይውላል፤ የመስኩ አውቶሞቢል ግን የዘር ባለሙያውን፣ የእንስሳት ሐኪሙንና የመስኖ መሐንዲሱን ጭኖ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ በጉም ውስጥ ይወርዳል። ያለቀ ጎማ ለማን ይገባል? ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ የቀረው ጎማ በአውሮፓ ሕግ እንኳ በመንገድ ላይ እንዲሄድ የሚፈቀድለት የመጨረሻው ወሰን ነው፤ በጥርሱ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር ሲተካከሉ ይህ ወሰን መድረሱ ይታወቃል። እኛ ግን ለክረምት ጭቃና ለቍልቍለት 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጥ ይገባል እንላለን። ሹመት የሚከበረው ታናሹን ከአደጋ በመጠበቅ ስለ ሆነ፣ ደኅናው ጎማ ለመስኩ ይሰጥ፤ ከመስክ የወረደው፣ ሕጋዊ ጥርስ እስካለው ድረስ፣ በከተማ ያገልግል።

ምንም ጥሩ ጎማ ቢገዛ ነፋሱ ካልተጠበቀ ድካሙ ከንቱ ነው። የጐደለ ነፋስ ጎማውን በጎኑ እያጠፈ ያግለዋል፣ ከዚያም ያፈነዳዋል፤ የበዛ ነፋስ መካከሉን ይበላል፣ በጠጠርም ላይ ያዘልለዋል። ልኬቱ የሚወሰደው ጎማው ሳይሄድ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ነፋሱ በ1.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይለወጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አፋር ሰመራ የሚወርድ አውቶሞቢል፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ በመለኪያው 3 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል የጐደለ ይሆናል፤ በሌላ በኩል ግን ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ስለሚገባ 4 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ስለሚመጣጠኑ፣ «ቆላ ገባን፣ ነፋስ እናውጣ» ብሎ በግምት ማፍሰስ ጥፋት ነው። ደጋ ሲመለስ ጎማው ጐድሎ ይገኛል። ለእያንዳንዱ አውቶሞቢል አንድ የነፋስ መለኪያ መስጠት ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ስለ ትራክተር ጎማ የተለየ ቃል ያስፈልጋል። ትራክተሮች ቀድሞ በአብዛኛው የሚሄዱት በብረት እግር ነበር፤ በአሜሪካ በነፋስ የተሞላ የጎማ እግር ለትራክተር መሸጥ የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጥቅሙም መሬቱን ሳይቀጠቅጥ መጎተቱ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ነፋሱ በልኩ ሲሆን ነው፤ ጎማ መሬቱን የሚጫነው በውስጡ ካለው ነፋስ ጋር በሚቀራረብ ኃይል ነውና። ለመንገድ ተብሎ የተነፋ ትራክተር በረጠበ ጥቁር አፈር ውስጥ ሲገባ አፈሩን ይደመድመዋል፤ ሥሩ አይወርድም፣ ውሃውም አይሰርግም፤ ገበሬው የከፈለበት እርሻ ለሚመጣው ዓመት ጉዳት ይሆንበታል። በሌላ በኩል ጥርሱ ያለቀ የትራክተር ጎማ በስፍራው እየተሽከረከረ ነዳጅ ይጨርሳል። በእርሻ ላይ የእግሩ መንሸራተት ከ15 በመቶ ሲበልጥ ጎማው፣ ነፋሱ ወይም ክብደቱ እንዳልተስማማ ይታወቅ።

የትራክተር ጎማ ሲተካ፣ በአራቱም እግር የሚጎትት ከሆነ የፊቱና የኋላው ጎማ ልክ በፋብሪካው የተመደበ ስለ ሆነ፣ የፊቱን ለብቻው በሌላ ልክ መለወጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ በጥቂት በመቶ ፈጥነው እንዲሄዱ ተሰልቶ የተሠራ ነውና፣ ይህ ስሌት ሲፈርስ ጥርሶቹ ይሰበራሉ። የጎማው ጥርስ በቀስት እንደተመለከተው ወደ ፊት ይግጠም፤ በተቃራኒ የተገጠመ ጭቃውን አያወጣም። ዳግመኛ የተለበጠ ጎማን በተመለከተ ደግሞ፣ ለከባድ ጭነት መኪና የኋላ እግር በደኅና ፋብሪካ የተለበጠ ቢሆን ገንዘብ መቈጠቢያ ነው፤ በፊት እግር ላይ ግን አይግባ። በአሜሪካ ሕግ የተለበጠ ጎማ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይገጠም የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የተነሣ ለየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች የምናሳስበው እንዲህ ነው።

1ኛ/ ለእያንዳንዱ አውቶሞቢልና ትራክተር የጎማ መዝገብ ይከፈት፤ ልኩ፣ የጭነት ቍጥሩ፣ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት፣ የተገጠመበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የወረደበትም ምክንያት ይጻፍበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ጎማ በየትኛው መንገድ እንደ ተጠቀመ መዝገቡ ራሱ ይመሰክራል።

2ኛ/ የግዥው መግለጫ ሲዘጋጅ ሹፌሩና መካኒኩ ይጠየቁ። መንገዱን የሚያውቀው የሚሄድበት ነው።

3ኛ/ ጎማው በዓመቱ መጀመሪያ ታስቦ በሚፈለግበት ጊዜ ይገዛ፤ የሰኔ ክምችት ይቅር።

4ኛ/ በርክክብ ጊዜ የተሠራበት ቀን ሳይነበብ፣ ጎኑም ሳይመረመር ማንም አይፈርም።

5ኛ/ ነፋሱ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱና ከረጅም ጉዞ በፊት ሁሉ በመለኪያ ይታይ፤ ስኮርታውም አብሮ ይለካ።

6ኛ/ ደኅናው ጎማ ክፉ መንገድ ለሚሄደው ይሰጥ።

እነዚህ ስድስቱ አዲስ በጀትም አዲስ ሹመትም አይጠይቁም። የሚጠይቁት ከመፈረም በፊት ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን ማንበብን ነው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ሲመርጥ እንጨቱን አንኳኵቶ፣ ጥንካሬውንም ፈትኖ፣ ለበሬው ትከሻ የሚስማማውን ለክቶ ነው እንጂ በገበያ የረከሰውን ሁሉ አንሥቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሱን ልናስተምር የተሾምን ሰዎች ከእርሱ ጥንቃቄ ያነሰ ጥንቃቄ ብናሳይ አያምርብንም። ስለዚህ እናንተ የክልል፣ የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች በሚቀርብላችሁ በሚቀጥለው የጎማ ማዘዣ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ልኩና የጭነቱ ቍጥር፣ የጥርሱ ዐይነትና ዕድሜው ተጽፎ እንደ ሆነ እንድትመለከቱ፣ ያልተጻፈም እንደ ሆነ ተጽፎ እስኪመጣ ወረቀቱን እንድትመልሱት በትሕትና እናሳስባለን።